ምስክሩን ሳይመረምሩ መፍረድ

በድሬዳዋ፣ በመጋላም ሆነ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በከዚራ ባሉት ጋራዦች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ልማድ ሥር ሰድዶ የዕውቀት ሁሉ ፍጻሜ መስሎ ይታያል፤ ይኸውም መኪና ነዳጅ ሲሰጡት የሚያመነታ፣ ዳገት ላይ የሚንተፋተፍ፣ ወይም ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ የማይተኩስ በሆነ ጊዜ፣ መካኒኩ የመመርመሪያ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የወጣውን ቁጥር ካነበበ በኋላ፣ ቁጥሩ ስሙን የጠራውን ሴንሰር ያለ አንዳች ተጨማሪ ምርመራ አውልቆ፣ ባለንብረቱን ሌላ እንዲገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መላኩ ነው። ይህ ልማድ የብዙውን ሰው ገንዘብ በከንቱ ከመብላቱም በላይ፣ በሞያው ላይ ያሉትን ወጣቶች ከማሰብ ስለሚያርቃቸው፣ ዝም ሊባል አይገባውም።

እነዚህ ቁጥሮች በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚሸጡ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ግዴታ የሆኑት በመሠረቱ የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነበር፤ ስለዚህም የመኪናው ኮምፒውተር ያልጠበቀውን ነገር ማየቱን ይናገራሉ፤ ምክንያቱን ግን አይናገሩም። ሴንሰር ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ሲናገር የነገሩ ጥፋተኛ እርሱ ነው አይባልም። ካንዴላው ደክሞ ወይም ቦቢናው ተሰንጥቆ አንዱ ሲሊንደር ሳይተኩስ ሲቀር፣ ያልተቃጠለው አየር ከነኦክስጅኑ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በዚያ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰርም በእውነት ያገኘውን ኦክስጅን ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይህን የቤንዚን ማነስ አድርጎ ይተረጉምና ቤንዚን ይጨምራል፣ ፒ 0171 የሚለውንም ቁጥር ሊመዘግብ ይችላል፤ በመጨረሻም መካኒኩ እውነቱን የመሰከረውን ሴንሰር እንደ ሐሰተኛ ቆጥሮ ነቅሎ ይጥለዋል። በዚህች ከተማ ሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦም ከአየር መለኪያው በኋላ ያልተቆጠረ አየር ሲያስገባ ያንኑ ቁጥር ያመጣል፤ በጀሪካን ተቀድቶ የተሸጠ ቆሻሻ ቤንዚን የደፈነው ፊልትሮም እንዲሁ።

የሙቀት ሴንሰሩ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይደንቃል። የዚህ ሴንሰር ገመድ ቢበጠስ ወይም ሴንሰሩ ራሱ በውስጡ ቢቋረጥ፣ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ውኃ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ብሎ ያነባል፤ የድሬዳዋ ፀሐይ የሞተሩን ክዳን በምታነድበት በቀትር እንኳ ሞተሩ በበረዶ ውስጥ ያለ ሊመስለውና ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል፤ ያን ጊዜ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። ጥፋቱ የገመዱ ወይም የሴንሰሩ መሆኑን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሶኬቱን ነቅሎ በሶኬቱ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ በመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ንባቡን ማየት ይበቃል። ንባቡ ወዲያው ወደ ከፍተኛ ሙቀት ከዘለለ ገመዱም የመኪናው ኮምፒውተርም ደኅና ናቸው፣ ጥፋቱም የሴንሰሩ ነው፤ በዚያው በ40 ከዜሮ በታች ቆሞ ከቀረ ግን ገመዱ ተበጥሷል ወይም የመኪናው ኮምፒውተር ተበላሽቷልና፣ ዐሥር ሴንሰር ቢለወጥ አንዱም አይረዳም። ከደቂቃዎች የማያልፈው ይህ ፈተና በስንት ጋራዥ ይደረጋል?

ሴንሰር ፈጽሞ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። የክራንክ ሴንሰር በሞተሩ ትኩሳት የውስጥ ጥቅልሉ ሲላቀቅ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ረዥም ዳገት መካከል መኪናውን ያጠፋና፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ እንደገና ያስነሣል፤ እንዲህ ያለው ሴንሰር በጋራዥ ጥላ ሥር ቀዝቅዞ ቢመረመር ጤነኛ ይመስላልና፣ ትኩስ ሆኖ ካልተለካ አይያዝም። ዳገቱ ራሱም ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ስትሆን፣ መንገዱ ወደ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስለሚወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህን የማይለይ ሰው የተፈጥሮን ነገር በሴንሰር ላይ ያላክካል።

«የገመዱ ንድፍ የለንም፣ ደንበኛውም ይቸኩላል፤ ለውጠን ብናይ ምን ነውር አለው?» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ነውሩ በሌላ ሰው ገንዘብ መሞከር መሆኑ ነው፤ ከሌላ መኪና የተፈታው ያገለገለ ሴንሰር ራሱ ሕመምተኛ ሊሆን ስለሚችልም፣ በፊተኛው ጥፋት ላይ ሁለተኛ ይደረብና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መርማሪ ሁሉ ያሳስታል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ባለንብረቱም ከጥፋቱ ነጻ አይደለም፤ ለዕቃው ሺህ ብሮች ሳይከራከር ሲከፍል፣ ለአንድ ሰዓት ትዕግሥተኛ ምርመራ ግን ዋጋ መስጠት እንደ መታለል ይቆጥረዋልና፣ መካኒኩ ዕውቀቱን መሸጥ ቢያቅተው ዕቃ መሸጥን ይለምዳል። አሮጌ መኪናዎች በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከባድ ታክስ ከተጣለባቸው፣ የነዳጅ የቤት መኪናም ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግለን ግድ ነው፤ በስሕተት የተለወጠ ዕቃም ካለፈው ጊዜ ይልቅ አሁን ይጎዳል።

በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰባትና በምድር ባቡር ወርክሾፕ የብረት ሠራተኛ ያፈራች ከተማ፣ ሳይለኩ መለወጥን ሞያ ብላ ልትቀበል አይገባትም። ስለዚህ የሞያ ማሠልጠኛዎቻችን ለደቀ መዛሙርታቸው ከመመርመሪያ ኮምፒውተሩ በፊት ቴስተሩን ያስተምሩ፤ ባለንብረቱም ማንኛውም ሴንሰር ከመለወጡ በፊት ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው የኃይል ቮልት፣ የኔጌቲቩ ገመድ ሁኔታና የሴንሰሩ ንባብ ከደረሰኙ ጋር ተጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ለዚህም ምርመራ የሚገባውን የሥራ ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል።