ያልተወለደው ልጅ ማዕድ

የዛሬው ርዕሳችን ከጸሎት ቤት ደጃፍ የተነሣ ነው። ነፍሰ ጡር እኅት ከአምልኮ ስትወጣ የማትሰማው ምክር የለም። ከሁሉ የሚበዛው ግን “አሁን እኮ ለሁለት ነው የምትበይው!” የሚለው ነው። አንዷ ዳቦ ትቆርስላታለች፣ ሌላዋ ለስላሳ ትከፍትላታለች። እምቢ ካለች ደግሞ የልጅዋን ድርሻ የከለከለች ይመስላታል። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ይሁን እንጂ ፍቅራችን በእውቀት ካልተደገፈ ልጁን ሊጎዳው ይችላል።

ማኑሄ ሚስቱ ወንድ ልጅ እንደምትወልድ በሰማ ጊዜ የልጁ ሥርዓት ምን እንደሚሆን ጠይቆ ነበር። የእግዚአብሔር መልአክ ግን ስለ ሕፃኑ አስተዳደግ ዝርዝር አልሰጠውም። ሚስቱ ከምትበላውና ከምትጠጣው ነገር እንድትጠነቀቅ ነገረው (መሳ. 13፥12-14)። ያ ትእዛዝ የናዝራዊነት እንጂ የጤና መመሪያ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቃሉ ያላለውን ላስብለው አልፈልግም። ሆኖም ስለ ልጁ የተጠየቀው በእናቲቱ ማዕድ መመለሱ፣ መልሱም ለባልየው መነገሩ ባነበብሁት ቁጥር ያስቆመኛል።

እስቲ በማኅፀን ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። እናት ከበላችው ምግብ የሚገኘው ስኳር በደምዋ ይዞራል፤ በእንግዴ ልጁም በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስኳሩን የሚቆጣጠረው የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የእናቲቱ ስኳር ከልክ ሲያልፍ የፅንሱ ቆሽት ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ለማመንጨት ይገደዳል። ኢንሱሊን ደግሞ አሳዳጊና ስብ አከማቺ ነው። ይህን ያስረዳው ዮርገን ፔደርሰን የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው። ልጁ ከ4 ኪሎ በላይ ሆኖ ሲወለድ እኛ “እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!” እንላለን። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቱ ይመጣለት የነበረው ስኳር ይቋረጣል፣ የለመደው ኢንሱሊን ግን ወዲያው አይቆምም። ከእንዲህ ዓይነት እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳራቸው የሚወርደው ለዚህ ነው። ክብደትዋ ከልክ ያለፈ እናት የስኳር በሽተኛ ባትባልም እንኳ ሰውነትዋ ለኢንሱሊን በቀላሉ ስለማይታዘዝ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ስኳርና ስብ ሊጨምር ይችላል።

“ይህማ የዘር ነው፤ እኛ ቤት ሁላችንም ወፍራሞች ነን” የምትሉ ትኖራላችሁ። ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩትን ፒማ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ተመልከቱ። የስኳር በሽታ እጅግ ስለበዛባቸው ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ዳና ዳቤሊያና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከአንዲት እናት የተወለዱ ልጆችን አነጻጸሩ፤ አንዱ እናቱ በስኳር በሽታ ከመያዝዋ በፊት፣ ሌላው ከተያዘች በኋላ የተወለዱ ናቸው። ወላጆቻቸው አንድ፣ ቤታቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ በኋላ የተወለዱት በክብደትም በስኳር በሽታም ከታላላቆቻቸው በልጠው ተገኙ። ደግሞም አባት በስኳር ከመያዙ በፊትና በኋላ የተወለዱትን ሲያነጻጽሩ እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኙም። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ማኅፀኑ ነበር ማለት ነው።

የምሥራችም አለው። በካናዳ ኩቤክ እጅግ ከፍተኛ ውፍረት የነበረባቸው እናቶች በቀዶ ሕክምና ክብደታቸውን ከቀነሱ በኋላ የወለዱአቸው ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተወለዱት ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም በእጅጉ ቀንሶላቸዋል። እናት ከእርግዝና በፊት ክብደትዋን ስታስተካክል የሚጠቀመው እርስዋ ብቻ አይደለችም። ቀዶ ሕክምና አድርጉ ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ! ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ባልና ሚስት ግን ጊዜው አሁን ነው፤ እርግዝናው ከመጣ በኋላ ክብደት ለመቀነስ መታገል አይመከርም።

እኅቴ ሆይ፣ ምናልባት ይህን ስታነብቢ ልጅሽ አምስት ዓመቱ ነው፤ ውፍረቱም ያሳስብሽ ይሆናል። ራስሽን አትክሰሺ። ማኅፀን አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም። ጡት ማጥባቱም፣ ጨዋታውም፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ የሚቀርበው እራትም ድርሻ አላቸው።

ስለ ለስላሳ መጠጥ ግን ልለፈው አልችልም። በእንግሊዝ አገር በጦርነቱ ምክንያት ስኳር በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በራሽኑ ጊዜ አንድ አዋቂ በቀን ወደ 40 ግራም ስኳር ይበላ ነበር፣ ሲቀር ግን እጥፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በዚያ ዘመን አካባቢ የተወለዱትን መረመረ። ከፅንስነት ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ በራሽኑ ውስጥ ያለፉት በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ ጥቅም ሲሶው የተገኘው ገና በማኅፀን ሳሉ ነው። አሁን በአራስ ጥየቃችን የምንደረድረውን ሣጥን አስቡት፦ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው!

ታዲያ ነፍሰ ጡሯ ትራብ? በፍጹም! ጀርመኖች በያዙአት ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በደረሰው ረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ልጆች ሲያድጉ ሰውነታቸው ስኳርን በደንብ መቆጣጠር አቅቶት ተገኝቷል። በአገራችንም “ልጁ ከገዘፈ ምጥ ይጸናብኛል” ብለው ምግብ የሚቀንሱ እናቶች አሉ፤ ይህም ጉዳት ነው። ልኩን ለማወቅ ቁመትዋ 1 ሜትር ከ60 የሆነችን ሴት እንውሰድ። ከመፀነስዋ በፊት ከ48 እስከ 64 ኪሎ ከነበረች በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር መልካም ነው። ከ64 በላይ ሆና 77 ካልደረሰች ከ7 እስከ 11.5፣ ከ77 ጀምሮ ከሆነች ግን ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃታል። ይህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ መመሪያ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላልና የጤፍ እንጀራ ያለበት ማዕድ በቂ ነው፤ ውድ ነገር ፍለጋ አያስፈልግም።

ወንድሞች ሆይ፣ መልአኩ ለማኑሄም እንደ ተናገረ አስታውሱ። ማታ ኬክ ይዞ የሚገባ ባል ሚስቱን “አትብዪ” ሊላት አይችልም። ሐኪም ካልከለከላት አብራችሁ 30 ደቂቃ ብትራመዱ፣ ይህንንም በሳምንት 5 ቀን ብታደርጉት፣ ለትዳራችሁም የመነጋገሪያ ጊዜ ይሆናል።

በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል ደግሞ የስኳር ምርመራ ጠይቁ፤ ቀድሞ ስኳር የነበረባት ወይም ክብደትዋ የበዛ ከሆነች ገና ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ። “ስኳር አለብሽ” የተባለች እኅት “ተጸልዮልኛል” ብላ መድኃኒትዋን እንድትተው፣ ሐኪም ሳታማክርም ጾም እንድትይዝ የሚመክሩ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጸልዩላት፣ እጅዋን ይዛችሁም ወደ ክትትልዋ ውሰዱአት። ያዳናት ጌታ በምርመራው ቢመሰከርለት ምን ክፋት አለው?

በእርግዝና የመጣው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል፤ እናቲቱ ግን ወደፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልዋ ከሌሎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሕፃኑን በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ የእናቲቱም ስኳር እንዲመረመር በዚያው ቀን ጠይቁ።