ቀኑ ያልተጻፈ መለያየት

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩ ጥንዶች ተገቢ ከለላ ሰጥቷል። አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው። ሰርግ አልተደገሰም፣ ውል አልተፈረመም ተብሎ አንዲት ሴት ዓመታት ከለፋችበት ቤት ባዶ እጇን እንዳትወጣ ያደርጋል።

ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ ቀኑ በመዝገብ ይገኛል። ሳይጋቡ የሚኖሩ ጥንዶች ግን ግንኙነታቸውን በፈለጉት ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ የዳኛ ውሳኔም ወረቀትም አያስፈልጋቸውም። ይህ ነፃነት መነካት የለበትም። ለዓመታት ተራርቀው ለኖሩ ጥንዶች ግን ማብቂያው የቱ ጋ እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት የማይናገርበት ክፍተት ይተዋል።

ሴቲቱ ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ወይም ሪያድ ሄደች እንበል። መጀመሪያ በየወሩ ትልካለች፣ ትደውላለች። ውሎ አድሮ ስልኩ ይቀዘቅዛል። እሱ በላከችው ገንዘብ ላይ የራሱን ጨምሮ ቤት ይገዛል፤ ቤቱ በስሙ ይመዘገባል፤ ከሌላ ሴት ጋር ኑሮ ይጀምራል። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ድርሻዋን ስትጠይቅ ክርክሩ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ግንኙነቱ መቼ አበቃ? የተሳፈረች ዕለት ነው እንዳይባል፣ ለእንጀራ ብሎ መራራቅ መለያየት አይደለም። መደወል ያቆመች ጊዜ ይሆን? ወይስ እሱ ሌላ ትዳር የመሠረተ ጊዜ? ቤቱ የተገዛው ከዚያ ቀን በፊት ከሆነ የጋራ፣ በኋላ ከሆነ የግል ሊባል ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በአብዛኛው የሚጣራው በዘመድና በጎረቤት ምስክርነት ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ከተበተነ ወዲህ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ግድግዳ ይጋራ የነበረውን ጎረቤት ፈልጎ ችሎት ማቅረብ ቀላል አይደለም። ጣጣው በንብረት ብቻም አያበቃም። ሕጉ በግንኙነቱ ውስጥ የተፀነሰን ወይም የተወለደን ልጅ የወንዱ ልጅ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ቀኑ ሲያከራክር የልጅ አባትነትም አብሮ ያከራክራል።

በሕግ የተጋቡትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ጋብቻቸው በተግባር ፈርሷል ብሎ የወሰነበት ጉዳይ አለ። ፍቺ ሳይወሰን ጋብቻ ይፈርሳል ወይ በሚል የሕግ ባለሙያዎችን ብዙ አከራክሯል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ያስመዘግባል። እዚያው መዝገብ ላይ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ጥንዶች መለያየታቸውን በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ገጽ ቢጨመር፣ ችሎት ፊት የሚቀርብ ቀን ይኖራል። አንዱ ወገን ሌላው ሳያውቅ አስመዝግቦ ንብረት ያሸሻል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ለሌላው ወገን መድረሱ መረጋገጥ አለበት፤ በተቃራኒ ማስረጃም የሚፈርስ መሆን ይገባዋል። ውጭ አገር ያለው ወገን በኤምባሲ ውክልና ሰጥቶ ማስመዝገብ እንዲችልም ሊፈቀድ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ የተለያዩ ጥንዶች የተለያዩበትን ቀንና የንብረት ዝርዝራቸውን ጽፈው፣ በምስክር ፊት ፈርመው፣ ሁለቱም አንዳንድ ቅጂ ቢይዙ ይበጃቸዋል።