«አልፎ አልፎ» ማለት ለማን ነው?

ጎበዝ! «ጉዳቱ እኮ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው» የምትለዋን አነጋገር እንጠንቀቃት። ሎተሪም የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የወጣለት ሰው ግን ሙሉውን ይወስዳል።

የኤምአርአይ ምስል ጥርት ብሎ እንዲታይ በደም ሥር የሚወጋ ፈሳሽ አለ፤ ኮንትራስት ይሉታል። በውስጡ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለ። ብረቱ ለብቻው መርዝ ስለሆነ በሌላ ንጥረ ነገር ታስሮ ይሰጣል። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ጠርጎ ያስወጣዋል።

ኩላሊቱ የደከመበትስ?

እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሰዎች ቆዳቸው እንደ እንጨት ይደርቅ፣ መገጣጠሚያቸው አልታጠፍ ይል ጀመር። በ2000 «አዲስ በሽታ ነው» ተብሎ ተጻፈ፤ መንስኤው ግን አልታወቀም። ጋዶሊኒየም ላይ ጣት የተቀሰረው በ2006 ነው፣ ያውም ከኦስትሪያና ከዴንማርክ። ዘጠኝ ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ኩላሊት የደከመባቸው በሽተኞች «ይኼኛው ለኩላሊት ከአዮዲኑ ይሻላል» እየተባሉ ይወጉ ነበር። ሐኪሞቹም አያውቁም ነበርና በዚህ አንወቅሳቸውም።

ከታወቀ በኋላ የሆነውን ግን ልብ በሉ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ጠየቀ። ብረቱን ጠበቅ አድርገው የሚይዙት ዓይነቶች ተመረጡ፤ ከመወጋት በፊት ኩላሊት መመርመር ተለመደ። አዲስ በሽተኛ ጠፋ ማለት ይቻላል። አውሮፓ በ2017 የብረቱ ቅሪት አንጎል ውስጥ በመገኘቱ፣ ጉዳት ማድረሱ ሳይረጋገጥ እንኳ፣ ላላ አድርገው ከሚይዙት በርካቶቹን አገደች።

እንግዲህ ያን ሁሉ መከራ ያስቆመው አንድ ጥያቄና አንድ የደም ምርመራ ነው። ታዲያ ለመጠየቅ ማን ከለከለን? እኛ ሰዎች ሐኪም ፊት ስንደርስ አንገታችንን መድፋት እንደ ጨዋነት እንቆጥረዋለን። ወረቀት ይሰጡናል፣ እንፈርማለን፣ እንጋደማለን፤ ምን እንደተወጋን ስሙን እንኳ አናውቅም።

ምርመራውን እምቢ በሉ ማለታችን አይደለም። ዕጢን ቀድሞ የሚያሳይ ነገር እምቢ አይባልም። ግን ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው «ክሬቲኒኔ ታይቷል ወይ? የምትወጉኝ የትኛውን ነው? ስሙን ካርዴ ላይ ጻፉልኝ» ቢል ምን ነውር አለው? ዶክተሩ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ!