በጾም ወራት እርጉዝና አጥቢ እናት

በየሰፈሩም ሆነ በየሥራ ቦታው ጮክ ተብሎ የማይነገር፣ ነገር ግን በብዙ ክርስቲያን ቤት ጓዳ ውስጥ የሚብላላ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም እርጉዝ የሆነች ወይም ጡት የምታጠባ እናት ጾም ሲገባ ምን ታድርግ የሚለው ነው። «ሐኪም የሚላትን ትስማ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ጾም ለአንዲት አማኝ እናት ምን እንደሆነ አልገባውም።

ጾም ለእርሷ የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ በፍልሰታ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ያደገች፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከቤተሰቧ ጋር ይዛ ፋሲካን የምትቀበል ሴት «አንቺ ዘንድሮ ብዪ» ስትባል ከሰው የተለየች ይመስላታል። አንዳንዷ ደግሞ ልጁን ያገኘችው ተስላ ነው፤ ጾሙን ማጉደል ውለታ መርሳት ይሆንባታል። ይህን ስሜት በቀላሉ ማየት አይገባም።

እስከ ክርስትናው ድረስ ችግር የለም። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላ ድረስ አራሷ ገንፎውን በቅቤ ብትበላ የሚቆጣ አይገኝም፤ እንዲያውም ጎረቤቱ ሁሉ ብዪ ብዪ ይላታል። ጭንቀቱ የሚጀምረው ልጁ ክርስትና ተነሥቶ እንግዳው በተበተነ ማግስት ነው። እናትየዋ «አሁንማ ጠንክሬአለሁ» ብላ ወደ ጾሟ ትመለሳለች። ሕፃኑ ግን 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ የለውም። ነገሩን ላስተዋለው የወንድ ልጅ እናት ከሴት ልጅ እናት 40 ቀን ቀድማ መጾም ትጀምራለች ማለት ነው፤ ወንዱ ሕፃን ግን ከሴቷ ያነሰ አይጠባም።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እናስብ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ፈቃዷ ሲያልቅ ልጁ ወደ አራት ወር ይጠጋል። በዚሁ ጊዜ ሁዳዴ ቢገባ፣ ከጧት ጀምራ ቆማ ትሠራለች፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ማታ ሽሮና እንጀራ በልታ ሌሊቱን ስታጠባ ታድራለች።

ብዙ እናቶች «ወተቴ አልደረቀም፣ ስለዚህ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ወተቱ በእርግጥ ቶሎ አይደርቅም። አካል ለሕፃኑ ስለሚያደላ የጎደለውን ከእናትየው ገላ እየወሰደ ይሞላል። አጥቢ እናት በቀን ከወትሮው ወደ 500 ካሎሪ የሚሆን ተጨማሪ ምግብ የሚያስፈልጋትም ለዚህ ነው። ሁሉም ነገር ግን በዚህ ዓይነት አይሞላም። ለምሳሌ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ በእናት አካል ሲያንስ በወተቷም ያንሳል። የጾም ምግብ ደካማ ነው ማለታችን አይደለም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ሰሊጡና ጎመኑ የተሟላበት ገበታ ብዙ ጥቅም አለው። ኑሮው ሲከብድ ግን ገበታው ሽሮ ብቻ ይሆንና ወዲያው ቡና ይከተላል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ።

ታዲያ ሥርዓቱ ምን ይላል? ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 በሽተኛን አያስገድድም። የቤተ ክርስቲያኗ መምህራንም እርጉዝና አጥቢ እናቶች፣ እንዲሁም ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲጾሙ እንደማይገደዱ ያስተምራሉ። ይህን የሚያውቁ እናቶች ጥቂት አይደሉም። አማቷ ግን «እኛ ስድስት የወለድነው ጾመን ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ያያል፤ ይሉኝታ አለ። በዚህ ምክንያት አንዷ እየደከማት ትጾማለች፤ ሌላዋ የጓዳ በር ዘግታ እንቁላል ትበላና ሰርቃ የበላች ያህል ስትሸማቀቅ ትውላለች። በመካከሉ ባል አለ። ራሱ ከሥራ መልስ ከጓደኞቹ ጋር ክትፎ እየበላ ሚስቱ ስትገድፍ የሚቆጣ አባወራ መኖሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሊሞከር የሚገባው መንገድ ጉዳዩን ጾሙ ሳይገባ ለንስሐ አባት መንገር ነው፤ ከተቻለም ከባል ጋር ሆኖ። «ልጹም ወይስ አልጹም?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። «አባቴ፣ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ደምሽ አንሷል ብለውኛል» ብሎ ሁኔታውን መግለጽ ይሻላል። ብዙ የንስሐ አባቶች በጾሙ ፋንታ ጸሎትና ምጽዋት ያዟታል። እንዲህ ሲሆን እናትየዋ ከጾሙ ወራት አልወጣችም፤ ድርሻዋ ተለወጠ እንጂ። ለአማትም «አባ ናቸው ያሉኝ» የሚለው ቃል ከሐኪም ቃል ይልቅ ይከብዳል።

ስለ ሕፃኑም አንድ ነገር እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜአቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነትም፣ ተቅማጥም፣ የውሃ ንጽሕና ጉድለትም አለበት። ነገር ግን አቅም ባለው ቤት እንኳ 6 ወር ያለፈው ሕፃን በጾም ወራት እንቁላልና ወተት ሳያገኝ የሚሰነብትበት ጊዜ አለ። ይጹም ብሎ የፈረደበት ማንም የለም፤ ወላጆቹ የፈሩት ድስቱን ነው። ቅቤ የነካው ማንኪያ የቤተሰቡን የጾም ወጥ እንዳይነካ ሲባል የልጁ ምግብ ሳይሠራ ይቀራል።

ለዚህ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ መያዝ በቂ ነው። ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀሉ በድስቷ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ይታሰር፤ ዕቃዎቹም በተለየ ጨርቅ ታጥበው በተለየ ቦታ ይቀመጡ። ሞግዚት ካለች ልጁን የምታበላው እርሷ ናትና ጾሙ ሊገባ ሲል በግልጽ ይነገራት። እንቁላሉ በደንብ ተቀቅሎ ከልጁ ገንፎ ጋር ይፈጭ። የንስሐ አባቷ የፈቀዱላት እናትም ከዚያችው ድስት ልትመገብ ትችላለች።