ያልጠረጠረ ተመነጠረ



ሰሞኑን ቡና ላይም፣ እድር ላይም የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። «ለልጅዎ የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተናል፤ ለማስኬጃ ትንሽ ብር ብቻ ነው» እያሉ የሚዞሩ ደላሎች ነገር ነው። ከጉደርና ከጊንጪ ለገበያ የሚመጡ ዘመዶቻችንም ይህንኑ ያወሩናል።

አንድ ጎረቤታችን በሬ ሸጠው ብሩን በእጃቸው ቆጥረው ሰጡ። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም። «ለምን አላመለከቱም?» ብንላቸው፣ «ሰው ይስቅብኛል» አሉን።

እኛ አንስቅባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። ልጁ ቤት የቀረበት ወላጅ የተገኘውን በር ሁሉ ቢያንኳኳ ምን ይፈረድበታል? ደላላው የሚጠብቀውም ይህንኑ ጭንቀት ነው።

«ሕግ የለም» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ሰውን በሐሰት አታልሎ ንብረቱን የሚጎዳን እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በኮምፒዩተር መረጃ ለሚፈጸም ማታለልም በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 958 አለ። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚሁ ለትምህርት ዕርዳታ ማጭበርበር ብቻ የተለየ ሕግ አውጥተው ቅጣቱን አክብደዋል፤ መንግሥታቸውም ስለ ማጭበርበሩ በየዓመቱ ለምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዋል። ለኛም እንዲህ ያለ ቢወጣ በወደድን ነበር።

ነገር ግን ያለውስ ሕግ መቼ ሠራበት? ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው በማስረጃ ነው። ብሩን በጨለማ ሰጥተን፣ ስንታለልም አፍረን ዝም ካልን፣ ፖሊስ ምን ይዞ ይጠይቅ? ዝምታችን ደላላውን ወደ ሚቀጥለው ቤት ይልከዋል። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

አንደኛ፣ ነፃ ከተባለ ብሩ ለምንድነው ብለን እንጠይቅ። የአሜሪካው ፉልብራይት ለማመልከቻ አያስከፍልም። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ቢኖረውም፣ የሚከፈለው ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ ለደላላ ኪስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ውል የሚፈረመው እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ነው። «ቅጹን እኔ ላስሞላላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ከመክፈሉ በፊት ለልጁ መምህር ያስነብብ።

አራተኛ፣ የግድ የሚከፈል ነገር ካለ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ እሱ ዱካ ይተዋል።

አምስተኛ፣ የተታለለ ሰው ደብዳቤውንና የደላላውን ስልክ ቁጥር ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ። ብቻዬን አልሄድም የሚል ካለ ከኮሚቴያችን ሁለት ሰው አብሮት ይሄዳል።

ጎረቤታችንም በመጨረሻ እሺ ብለዋል፤ ሰኞ ጠዋት አብረናቸው እንሄዳለን። ሌላም የተጎዳ ካለ እስከ እሁድ ያሳውቀን።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር