ከማን ጋር ሲነጻጸር?



አንድ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት ጥር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለቀቀ እንበል። ሽያጩም ወዲያው አደገ። እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች «የማስታወቂያው ውጤት ነው» ብለን ሪፖርት ለመጻፍ እንቸኩላለን። ግን ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ጥምቀትም አለበት። ማስታወቂያው ባይኖርስ ሽያጩ አያድግም ነበር? ይህን ለማወቅ ማስታወቂያው ባልደረሰበት ከተማ ያለውን ሽያጭ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ነገር ሌላውን ተከትሎ ስለመጣ ብቻ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይቻልም።

በሽያጭ ብንሳሳት የምንከስረው ገንዘብ ነው። በመድኃኒት ላይ ግን የሰው ሕይወት አለበት። «እገሌ ያንን መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ራሱን ሊያጠፋ አሰበ» የሚል ወሬ ሲደርሰን፣ መጠየቅ ያለብን ያንኑ የገበያ ጥያቄ ነው፤ ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ጥያቄው ምን ያህል እንደሚጠቅም በሁለት ምሳሌ እንየው።

የመጀመሪያው ብዙዎቻችሁ በስም የምታውቁት ሴማግሉታይድ ነው። ለስኳር ሕመም ኦዜምፒክ፣ ለክብደት መቀነሻ ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ከአይስላንድ በመጣ ጥቆማ መነሻነት ምርመራ ላይ መሆኑን አስታወቀ። ይህንና መሰል መድኃኒቶችን ከሚወስዱ ሰዎች ጋር በተያያዘ ራስን ስለመጉዳትና ስለማጥፋት ሐሳብ የቀረቡ 150 ገደማ ሪፖርቶች ይታዩ ነበር። ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

ነገር ግን 150 ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ቁጥሩ ለብቻው አይመልስልንም። መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ድባቴ ከሌላው ሰው ይልቅ ያጠቃቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ባይኖርም ከመካከላቸው የሚጨነቅ አይጠፋም።

መልሱ የተፈለገው ከሕክምና መዝገብ ነው። በአሜሪካ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲና የብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ማንነታቸው የማይታወቅ 240,618 ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሰዎችን መረጃ አጠኑ። ሴማግሉታይድ የታዘዘላቸውን፣ በዕድሜ፣ በፆታና በሕመም ታሪክ ከሚመስሏቸው ሌላ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ሐሳብ ካልነበራቸው ሰዎች መካከል፣ በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የተመዘገበባቸው በሴማግሉታይድ በኩል 0.11 በመቶ፣ በሌላው ወገን 0.43 በመቶ ሆኑ። ከሺህ ሰው አንድ እና አራት ገደማ ማለት ነው። ጥናቱ በጃንዋሪ 2024 ወጣ፤ በኤፕሪል የአውሮፓው ኤጀንሲ ኮሚቴ መረጃው መድኃኒቱን መንስኤ አያደርገውም ሲል ደመደመ። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ራስን ከማጥፋት ይከላከላል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት ግንኙነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስጋቱ እውነት ሆኖ የተገኘበት ነው። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ4,400 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች የተሳተፉባቸውን 24 የድባቴ መድኃኒት ሙከራዎች መረመረ። ፍቱን ነገር የሌለበት አምሳያ ክኒን ከወሰዱት 2 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 4 በመቶ ያህሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት ታይቶባቸዋል። በሙከራዎቹ ራሱን ያጠፋ አልነበረም። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በመድኃኒቶቹ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007ም ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ጨመረ። ከ24 ዓመት በላይ ባሉት ግን አደጋው አልጨመረም፤ ከ65 በላይ በሆኑት እንዲያውም ቀንሶ ታየ።

ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው «መድኃኒቱን ጣሉት» አላለም። በተለይ ሲጀመርና መጠኑ ሲለወጥ ታማሚውን በቅርብ ተከታተሉ ነው ያለው። ድባቴው ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላልና።

እንግዲህ እህታችሁ የድባቴ መድኃኒት ጀመረች እንበል። አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አይታችሁ «ይቅርብሽ» አትበሏት። በድንገት ማቋረጥ በራሱ ያሳምማል፤ ሕመሙንም ሊመልሰው ይችላል። ይልቅ እንቅልፏን፣ ቁጣዋን፣ ዝምታዋን ተከታተሉ። ለውጥ ካያችሁ ቀጠሮዋ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ሐኪሟን አነጋግሩ። «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

የራሳችን የሕክምና ታሪክ በአብዛኛው በየካርድ ክፍሉ በወረቀት ተበታትኖ ነው ያለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና የተጀመሩበትን ቀን በአንድ ደብተር ቢጽፍ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ያልተለመደ ነገር ሲያጋጥማችሁም ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሩ፤ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት እንዲደረግ ጠይቁ። ለጎረቤት ብቻ የተነገረ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ በወጉ የተመዘገበ ግን ከሌሎች ጋር ተደምሮ ሊነጻጸርና የማታውቁትን ሰው ሊያድን ይችላል።

በቀጣዩ ወር እስክንገናኝ፣ ሰላምና ጤና ለቤታችሁ!