በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ያለው ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የአንድ ታላቅ መጽሐፍ ባለቤት ነው። ይህ መጽሐፍ ስለ ትእዛዛቱ አሠራር፣ ስለ ፋይሎቹ አጻጻፍና ስለ ጠቅላላው ሥርዓት አስተዳደር በብዙ ሺህ ገጽ የሚናገር፣ ለማንበብ ኢንተርኔት የማይሻ፣ ዋጋም የማይጠየቅበት ሲሆን፣ በተርሚናሉ ላይ በላቲን ሆሄ ኤም፣ ኤ፣ ኤን ብሎ «ማን» የተሰኘውን ትእዛዝ ለሚጽፍና የሚፈልገውን ስም ከእርሱ ለሚያስከትል ሁሉ ገጹን ይገልጣል። እንዲህ ያለ ሀብት በእጃቸው ሳለ በሶፍትዌር ሙያ ከተሰማሩት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ሳይገልጡት መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱንም በእነርሱ ላይ አላደርግም፤ ትእዛዛቱን አንድ በአንድ በቃል የሚያስጠና መምህር የትእዛዛቱ ትርጓሜ የት እንደሚገኝ ካላሳየ፣ ደቀ መዝሙሩ ከወዴት ሊያውቀው ይችላል?

የመጽሐፉ ትውልድ ከዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች እጅግ ይቀድማል። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በተባለው ስፍራ በነበረው የቤል ቤተ ሙከራ የሊኑክስ አርአያ የሆነውን ዩኒክስን ሲሠሩ፣ የመጀመሪያውን የፕሮግራመሮች መመሪያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1964 ዓ.ም. አወጡ። ያን ጊዜ የተወሰነው የአንቀጾች ሥርዓት፣ ማለት አስቀድሞ የትእዛዙ ስም፣ ቀጥሎ የአጻጻፉ ሁኔታ፣ ከዚያም ሐተታው፣ የሚጠቀምባቸው ፋይሎችና ከእርሱ ጋር ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ገጾች፣ በመሠረቱ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ደርሷል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን «በግስ» የተባለው አንቀጽ ነው፤ በዚህ አንቀጽ የፕሮግራሙ ደራሲ የገዛ ሥራውን ጉድለት ማንም ሳያስገድደው በአንባቢው ፊት ይገልጻል። የሚሸጥ ዕቃ ምስጋናውን ብቻ እያስነገረ በሚዞርበት ዓለም፣ ሠሪው ራሱ «ይህ ሥራዬ በዚህ በኩል ይጎድለዋል» ብሎ በመጽሐፉ ውስጥ ማኖሩ ታላቅ ትሕትና ነው። የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባና የመመሪያው ዋና ተቈርቋሪ የነበረው ዳግ መኪልሮይ እንደ መሰከረውም፣ አዲስ እትም ሊወጣ በተቃረበ ቍጥር ሠራተኞቹ ሁሉ በሥራ ይጠመዱ ነበር፤ ይኸውም አስቀያሚውን አሠራር በጽሑፍ ሲያሰፍሩት ስለሚያፍሩበት፣ መጽሐፉን ከማሳመር ይልቅ ፕሮግራሙን ራሱን ወደ ማቃናት ይመለሱ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ መጽሐፉ የሥራው ትርጓሜ ብቻ ሳይሆን የሥራው መካሪና ገሣጭ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ነገር ግን መጽሐፉን ማግኘትና በመጽሐፉ ውስጥ መመላለስ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በሰሙነ ሕማማት የሚያገለግል ዲያቆን ግብረ ሕማማትን ሁሉ በቃሉ ሳይዝ የየዕለቱንና የየሰዓቱን ንባብ ፈጥኖ አውጥቶ እንደሚያነብ፣ የትእዛዝ መስመር ተጠቃሚም የሚጠበቅበት ሁሉን ማወቅ ሳይሆን የሚሻው ነገር በየትኛው ስፍራ እንዳለ ማወቅ ነው። ገጹ በተከፈተ ጊዜ ሰፊው የክፍተት ቍልፍ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ «ቢ» ወደ ኋላ ይመልሳል፣ «ኪው» ይዘጋል፤ ፍለጋ የሚጀመረው ግን በስላሽ ምልክት ነው። ስላሽ ተጭኖ ቃሉን ጽፎ «ኢንተር» ያለ ሰው ቃሉ ወዳለበት ይደርሳል፤ በትንሿ «ኤን» ወደሚቀጥለው፣ በትልቋ «ኤን» ወደ ቀደመው ይሄዳል። እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። እንደ ባሽ ባለ ረጅም ገጽ ውስጥ የአንድን አማራጭ ፊደል ትርጉም የሚፈልግ ሰው ፊደሉን ብቻ ቢፈልግ በየመስመሩ እየተሰናከለ ይደክማል፤ አማራጮቹ የሚተረጐሙት ግን ከመስመር መጀመሪያ ከጥቂት ክፍተት ቀጥሎ ስለ ሆነ፣ የመስመርን መጀመሪያ የሚያመለክተውን የካሬት ምልክት፣ ቀጥሎ ክፍተትና ኮከብ፣ ከዚያም ሰረዙንና ፊደሉን ቢጽፍ በቀጥታ ከትርጓሜው ላይ ይወድቃል። ይህችን አንዲት ብልሃት ያወቀ ሰው ገጹ ቢረዝም አይፈራም።

መጽሐፉ በክፍል በክፍል የተመደበ መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። አንደኛው ክፍል ተጠቃሚው የሚጽፋቸውን ትእዛዛት፣ ሁለተኛው ፕሮግራሞች ከከርነሉ የሚጠይቁትን አገልግሎት፣ ሦስተኛው የቤተ መጻሕፍት ተግባራትን፣ አምስተኛው የፋይሎችን አጻጻፍ፣ ስምንተኛው የአስተዳዳሪውን ሥራ ይይዛል። አንድ ስም በሁለት ክፍል ሊገኝ ይችላል፤ «ፓስውድ» በአንደኛው ክፍል የይለፍ ቃልን የሚለውጠው ትእዛዝ ሲሆን በአምስተኛው ክፍል ግን የተጠቃሚዎች ስም የተመዘገበበት ፋይል ነው። ቍጥር ሳይጠቅስ የጠየቀ ሰው የፊተኛውን ብቻ ያገኛል፤ ስለ ፋይሉ ለማንበብ የሚሻ በ«ማን» እና በስሙ መካከል 5 ቍጥርን ማግባት አለበት።

ስሙን የማያውቅ ሰውስ? ለእርሱ «አፕሮፖስ» የተባለ ትእዛዝ ተዘጋጅቶለታል፤ «ማን» ብሎ ሰረዝ ኬን ማስከተልም ያው ነው። ይህ ትእዛዝ የሚፈልገው የገጾቹን ሐተታ ሳይሆን ስማቸውንና በስማቸው አጠገብ የተጻፈውን አጭር መግለጫ ነው፤ ስለዚህም ፈላጊው የደራሲውን አነጋገር መገመት ይኖርበታል። ፋይል ለማጥፋት የሚፈልግ ጀማሪ «ዲሊት» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አር ኤም» የተባለው ትእዛዝ መግለጫው የተጻፈው «ሪሙቭ» በሚል ቃል ስለ ሆነ፣ ዋናው ትእዛዝ አይወጣለትም። ያን ጊዜ ተስፋ ሳይቈርጡ ሌላ ተመሳሳይ ቃል መሞከር ይገባል። በትልቁ ኬ ሐተታውን ሁሉ የሚመረምር ፍለጋም አለ፤ የሚዘገይ ቢሆንም በችግር ጊዜ ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ ስል ገጾቹ ለማንበብ ቀላል ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ቃላቸው የተቈጠበ ነው፤ ምሳሌ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ትእዛዙን አስቀድሞ ለሚያውቅ እንጂ ለሚማር የተጻፉ አይመስሉም። ስለዚህ የአጻጻፉን አንቀጽ ምልክቶች አስቀድሞ መማር ይበጃል፦ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀርም የሚቻል፣ በቋሚ መስመር የተለዩት አንዱ ብቻ የሚመረጥ፣ ሦስት ነጥብ የተከተለው ተደጋግሞ ሊጻፍ የሚችል ነው። «ሲዲ»ን የመሰሉ በባሽ ውስጥ ያሉ ትእዛዛት ደግሞ «ሄልፕ» በሚለው ቃል ይጠየቃሉ፤ የግኑ ፕሮግራሞችም ሰፊ መመሪያ በ«ኢንፎ» ይነበባል።

ኢንተርኔትን መጠየቅ ይቀልላል የሚሉ አሉ፤ የሚጠየቀውም ዛሬ ሰው ብቻ ሳይሆን እንደ ሰው የሚመልስ ማሽን ጭምር ነው። መልሱን ማድመጥ አልከለክልም፤ ዳኛው ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ገጽ ይሁን እላለሁ፤ ይህ ገጽ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነው ፕሮግራም ጋር አብሮ የመጣ ነውና። «ሴድ» የተባለው ትእዛዝ ጽሑፍን በፋይሉ ውስጥ እንዲያርም በሰረዝ አይ በሚታዘዝበት ጊዜ፣ የሊኑክሱ ሴድ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ይሠራል፤ የማኩ ሴድ ግን ለመጠባበቂያው ቅጂ ቅጥያ ካልተሰጠው ቀጥሎ የመጣውን የእርማት ቃል እንደ ቅጥያ ይወስደዋል። ከሌላ ሰው ገልብጦ የጻፈ በዚህ ይሰናከላል፤ የገዛ ኮምፒዩተሩን ገጽ ያነበበ ግን አይሰናከልም። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር አንዘንጋ፤ በዚያ ወራት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ አልተዘጋም ነበር።

የትእዛዝ መስመርን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ከማናቸውም ትእዛዝ አስቀድማችሁ ይህን አስተምሩ፤ በፈተናም ጊዜ ተማሪው ገጹን ከፍቶ እየፈለገ እንዲመልስ ፍቀዱለት። ገጾቹ የተጻፉበትን ቋንቋ የምታውቁ ባለሙያዎችም፣ ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖችና ጃፓኖች ገጾቹን በየቋንቋቸው እንደ ተረጐሙ፣ እኛም ሥራውን ከአጫጭሮቹ መግለጫዎች እንጀምር፤ የአፕሮፖስ ፍለጋ የሚመረምረው እነዚህኑ ስለ ሆነ፣ ስማቸውና መግለጫቸው በአማርኛ የተጻፈላቸው ጥቂት መቶ ገጾች እንኳ ቢኖሩ ጀማሪው የሚሻውን በገዛ ቋንቋው ሊፈልግ ይችላል። አንተም አንባቢ ሆይ፣ «ማን» ስለ ራሱ የሚናገርበት ገጽ አለው፤ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ደግመህ ጻፈውና ከዚያ ጀምር።